ዩኬ ውስጥ የስልክ ኮንትራት ሲከለክሏችሁ ከየት ይጀመራል?

ስልኩን መርጣችኋል፤ ከለሩን ሳይቀር። ሻጩ ስማችሁንና አድራሻችሁን ኮምፒውተሩ ውስጥ ያስገባል። ትንሽ ይጠብቃል። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ይቅርታ፣ ክሬዲት ቼኩ አላለፈም» ይላል። ለምን ስትሉት «እኔም አላየውም፣ ሲስተሙ ነው» ይላችኋል። እውነቱን ነው። ስክሪኑ ላይ የሚመጣለት ውሳኔው ነው እንጂ ምክንያቱ አይደለም።

እዚህ አገር በመጣሁ በሁለተኛው ዓመት ይኸው ደረሰብኝ። ሥራ ነበረኝ፤ የማንም ዕዳ አልነበረብኝም። እልህ ያዘኝና እዚያው መንገድ ላይ ካለ ሌላ ሱቅ ገባሁ። እዚያም አይሆንም አሉኝ። ማታ ደግሞ በኦንላይን ሦስተኛ ሞከርኩ። ውጤቱን መገመት አያቅትም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮንትራት ሲሰጧችሁ ስልኩን ዛሬ ይዛችሁ ትሄዳላችሁ፤ ዋጋውን ግን በ24 ወይም በ36 ወር ቀስ እያላችሁ ትከፍላላችሁ። ይህ ብድር ነው። አበዳሪ ደግሞ «ይህ ሰው እስከ ዛሬ እንዴት ከፍሏል?» ብሎ ይጠይቃል። መልሱን የሚያገኘው ኤክስፒሪያን፣ ኢኩዊፋክስና ትራንስዩኒየን ከሚባሉት ሦስት ድርጅቶች ነው። ስለ እናንተ ፋይል የያዙት እነሱ ናቸው። ፋይሉ ባዶ ከሆነ ግን መልስ የለም። አገር ቤት ባንክ የነበራችሁ ታሪክ አብሯችሁ አይመጣም። «ተበድሬ አላውቅም» የሚለው ንግግር እኛ ጋ ያስከብራል፤ እዚህ ግን ተበድሮ በቀኑ የከፈለ ነው የሚታመነው። ስለዚህ መከልከል ማለት ሁልጊዜ መጥፎ ታሪክ አለ ማለት አይደለም። ብዙ ጊዜ ታሪክ የለም ማለት ነው።

መጀመሪያ፦ ሌላ ቦታ አትሞክሩ

እኔ ያጠፋሁት እዚህ ላይ ነው። ማመልከቻ ባስገባችሁ ቁጥር ፋይላችሁ ላይ «ሃርድ ሰርች» የሚባል ምልክት ይቀመጣል። ሌሎች አበዳሪዎች ያዩታል፤ ቢያንስ አንድ ዓመት ይቆያል። አንዱ ብቻውን ብዙ አይጎዳም። በአንድ ቀን ሦስት ሲሆን ግን ገንዘብ የቸገረው ሰው ይመስላል። የራሳችሁን ፋይል ብታዩ ግን ምንም አይነካችሁም። እሱ «ሶፍት ሰርች» ነው፤ ሌላ አበዳሪ አያየውም።

ቀጥሎ፦ የትኛውን ድርጅት እንዳዩ ጠይቁ

ሱቁን ሳይሆን የኩባንያውን የደንበኞች አገልግሎት በስልክ ወይም በጽሑፍ ጠይቁ። ሁለት ጥያቄ ይበቃል፦ የማንን ፋይል አያችሁ? የተከለከልኩት በክሬዲት ምክንያት ነው ወይስ ማንነቴን ማረጋገጥ ስላልቻላችሁ ነው? ዝርዝሩን ላይነግሯችሁ ይችላሉ። ሁለተኛው ጥያቄ ግን ብዙ ሰው የማያነሳው ወርቅ ጥያቄ ነው። የእኛ ሰው ብዙ ጊዜ የሚወድቀው እዚያ ነው።

ከዚያ፦ ሦስቱንም ፋይል አውጡ

ሦስቱም ድርጅቶች ፋይላችሁን በነፃ የመስጠት ሕጋዊ ግዴታ አለባቸው። እስከ 2018 ድረስ 2 ፓውንድ ያስከፍሉ ነበር፤ ያም ቀርቷል። ድረ ገጻቸው ላይ ግን ዓይን ውስጥ የሚገባው ወርሃዊ ክፍያ ያለው አገልግሎት ነው። «ስታቹተሪ ሪፖርት» የሚለውን ፈልጉ። ካርድ ቁጥር ከጠየቋችሁ የተሳሳተ በር ገብታችኋል።

አንዱን ብቻ አይታችሁ አትተዉት። ሦስቱ ጋ ያለው መረጃ አንድ ዓይነት ላይሆን ይችላል። በትልቁ ተጽፎ የሚታየው የስኮር ቁጥርም አያስደንግጣችሁ፣ አያኩራራችሁ። ያ ቁጥር ለእናንተ የሚታይ ነው። የስልክ ኩባንያው የፋይሉን ይዘት ወስዶ በራሱ መንገድ ያሰላል። የአንዱ ስሌት ከሌላው ስለሚለይ አንዱ የከለከለውን ሌላው ሊፈቅድ ይችላል።

አሁን ዋናው ሥራ፦ ፋይሉን መስመር በመስመር ማንበብ

ከስማችሁ ጀምሩ። የእኔ ጉድ የተገኘው እዚያ ነበር። ባንኩ የአያቴን ስም የቤተሰብ ስም አድርጎ መዝግቦታል። የመብራት ሂሳቡ የአባቴን ስም የቤተሰብ ስም አድርጎ ይዟል። የስልክ ማመልከቻው ላይ ደግሞ ሦስቱንም ደርድሬ ጽፌያለሁ። ለኮምፒውተሩ ሦስት ሰው ነበርኩ፤ ሦስቱም ታሪክ የላቸውም። ስማችሁ ገብረ ማርያም ከሆነ በሁለት ቃል ነው ወይስ በአንድ ቃል የተጻፈው? ተስፋዬ ከሆነ መጨረሻው በየትኛው የእንግሊዝኛ ፊደል ነው? አንዱን አጻጻፍ ምረጡ፤ ፓስፖርታችሁ ወይም ኢቪዛችሁ ላይ ያለው ይሻላል። ከዚያ ባንኩንም፣ ካውንስሉንም፣ አሠሪያችሁንም ወደዚያ አስተካክሉ። አሰልቺ ነው፤ ግን ከዚህ የሚበልጥ መድኃኒት አላየሁም።

የልደት ቀንም እንደዚሁ። ከእኛ አቆጣጠር ወደ ፈረንጁ ሲቀየር በአንድ ቀን ወይም በአንድ ዓመት የተዛባበት ሰው ጥቂት አይደለም። አንዱ ወረቀት ላይ አንድ፣ ሌላው ላይ ሌላ ከሆነ ማንነትን ማረጋገጥ ይከብዳል።

አድራሻ ላይ ደግሞ የፍላት ቁጥሩን አጻጻፍ እዩ። አንዱ ጋ «ፍላት 3፣ 12»፣ ሌላው ጋ «12ሲ» ከሆነ አንድ ቤት መሆኑን ማሽኑ ላያውቅ ይችላል። ማመልከቻዎች አብዛኛውን ጊዜ የሦስት ዓመት አድራሻ ይጠይቃሉ፤ የቆያችሁበትን ሁሉ በቅደም ተከተል ጻፉ። እግረ መንገዴን፣ «ከእኔ በፊት እዚህ ቤት የነበረው ሰው ዕዳ ስላለበት አድራሻው ተበላሽቷል» የሚባለው ወሬ ነው። የተበላሸ አድራሻ የሚባል ዝርዝር የለም። አብሯችሁ የሚኖር ሰው ዕዳም አይነካችሁም፤ የጋራ አካውንት ወይም የጋራ ብድር ከሌላችሁ በቀር። ካላችሁ በፋይሉ ላይ ትስስር ሆኖ ይታያል። ከተለያያችሁና የጋራው አካውንት ከተዘጋ ትስስሩ እንዲነሳ መጠየቅ ትችላላችሁ።

የመራጮች መዝገብ የሚባለውም አለ። አበዳሪዎች አድራሻችሁን የሚያረጋግጡበት ቀላሉ መንገድ ነው። ዜግነት ያገኛችሁ ካልተመዘገባችሁ ዛሬውኑ ተመዝገቡ። ስኮትላንድ ወይም ዌልስ የምትኖሩ ከሆነ፣ የመኖሪያ ፈቃድ ያለው የውጭ ዜጋም ለአካባቢያዊ ምርጫ መመዝገብ ይችላል። እንግሊዝና ሰሜን አየርላንድ ግን የኢትዮጵያ ፓስፖርት ይዞ አይቻልም፤ ሳይፈቀድላችሁ እንዳትሞሉ። የማይፈቀድላችሁ ከሆነ የመኖሪያ ማስረጃ ለሦስቱ ድርጅቶች ላኩና ፋይሉ ላይ መግለጫ እንዲጨመር ጠይቁ።

በመጨረሻ የክፍያ ታሪኩን እዩ። «ዲፎልት» (ዕዳውን ሳይከፍል ቀርቷል ማለት ነው) የሚል ካለ ከተመዘገበበት ቀን ጀምሮ 6 ዓመት ይቆያል፤ ብትከፍሉትም ይቆያል፣ ግን «ተከፍሏል» ይባላል፤ እሱም ይሻላል። የፍርድ ቤት የዕዳ ውሳኔም 6 ዓመት ነው፤ በአንድ ወር ውስጥ ሙሉውን ከከፈላችሁ ግን ይሰረዛል። ሰው የሚረሳው ትንሹን ነው። ቤት ሲቀይር የድሮ ስልኩን ዳይሬክት ዴቢት (ከባንክ በየወሩ በራሱ የሚቆረጠውን ክፍያ) አቁሞ ኮንትራቱን ግን ያልዘጋ ሰው፣ ደብዳቤው ድሮ ቤት እየሄደ ዲፎልት ይገባል። የማታውቁት አካውንት ወይም ያላደረጋችሁት ማመልከቻ ካገኛችሁ ደግሞ ሌላ ሰው በስማችሁ እየሠራ ሊሆን ይችላል። ለድርጅቱም ለአበዳሪውም ቶሎ አሳውቁ።

ስህተት ካለ

ለያዘው ድርጅት «ይህ ትክክል አይደለም» ብላችሁ ከማስረጃ ጋር ጻፉ። በ28 ቀን ውስጥ መልስ ሊሰጧችሁ ይገባል። እነሱ መረጃውን ወደላከው ኩባንያ ሄደው ስለሚጠይቁ፣ እናንተም በቀጥታ ለኩባንያው ብትጽፉ ይፈጥናል። እምቢ ካሉ እስከ 200 ቃል የሚደርስ የራሳችሁን ማብራሪያ ፋይሉ ላይ ማስቀመጥ ትችላላችሁ። ማብራሪያው ካለ ግን አበዳሪው በማሽን ብቻ ከመወሰን ይልቅ ሰው እንዲያነበው ስለሚያደርግ፣ ማመልከቻው ሊዘገይ ይችላል። ከዚያ በላይ አቤቱታ ካላችሁ የመረጃ ኮሚሽነር ቢሮ አለ። «ክሬዲታችሁን እናጸዳለን» ብለው ገንዘብ የሚጠይቁትን ግን እለፏቸው። የሚሠሩት እናንተ በነፃ የምትሠሩትን ነው። ዕዳው ራሱ ከከበዳችሁ ሲቲዝንስ አድቫይስና ስቴፕቼንጅ በነፃ ይረዳሉ።

እስከዚያ ያለ ስልክ አትቀመጡም

ስልኩንና ሲሙን ለያዩት። እንደ ጊፍጋፍ፣ ስማርቲና ቮክሲ ያሉት በየወሩ የሚታደስ ሲም ያለ ክሬዲት ቼክ ይሰጣሉ። ቁጥራችሁን ይዛችሁ ለመሄድ ከድሮው ሲም ፒ፣ ኤ፣ ሲ የሚሉትን ሦስት የእንግሊዝኛ ፊደሎች ጽፋችሁ ወደ 65075 ላኩ። የሚመጣውን ኮድ በ30 ቀን ውስጥ ለአዲሱ ኩባንያ ስጡ። ስልኩን ያገለገለ ብትገዙ ይረክሳል። ከዲሴምበር 2021 ወዲህ የስልክ ኩባንያዎች የተቆለፈ ስልክ መሸጥ ተከልክለዋል፤ ከዚያ በፊት የተሸጠ ከሆነ ግን በእናንተ ሲም መሥራቱን ሳታዩ አትክፈሉ።

አንድ ጉዳት አለው፦ ክሬዲት ቼክ የሌለው ሲም ብትከፍሉበትም ታሪክ አይሠራላችሁም። ስለዚህ ጎን ለጎን ፋይላችሁ ላይ የሚመዘገብ ትንሽ ነገር ይኑራችሁ። የ12 ወር ሲም ብቻ ኮንትራት ጥሩ ጅማሬ ነው፤ ስልክ ስለሌለበት የሚያሰጋው ገንዘብ ትንሽ ነው። ታሪክ ለመሥራት የሚሰጥ ክሬዲት ካርድም አለ፤ ግን ወለዱ ያቃጥላል። በወር አንዴ አስቤዛ ግዙበትና ሙሉውን በዳይሬክት ዴቢት ክፈሉት።

ዘመድ በስሙ ያውጣልኝ?

ይሄ ሁላችንም ጋ የሚመጣ ሐሳብ ነው። ወንድም ለወንድም ያወጣል። ግን ኮንትራቱ የእሱ ነው፤ አንድ ወር ብትረሱ የሚቆሽሸው የእሱ ፋይል ነው። የእናንተ ደግሞ ባዶ እንደሆነ ይቀራል። ከዚህ የባሰው፣ «በስምህ ሦስት ስልክ አውጣልኝ፣ ጥሬ ገንዘብ እሰጥሃለሁ፣ ኮንትራቱን እኔ አዘጋዋለሁ» የሚል ሰው ነው። አይዘጋውም። ስልኮቹ ይሸጣሉ፣ ሂሳቡ በእናንተ ስም እስከ መጨረሻው ወር ይመጣል። በተለይ አዲስ የመጡ ልጆችን ነው የሚፈልጉት፤ ቤታችሁ ያለ ልጅ ካለ ንገሩት።

እንደገና ስታመለክቱ

እርማቱ ሦስቱም ፋይል ላይ መግባቱን ሳታዩ አትቸኩሉ። ከዚያ በሶፍት ሰርች «ያልፋሉ ወይ?» የሚል ቅድመ ፍተሻ ያለውን ኩባንያ ፈልጉ። በጣም ውዱን ስልክም አትምረጡ፤ ብዙ ጊዜ የሚከለከለው ሰውየው ሳይሆን ያ ወርሃዊ ክፍያ ነው። እኔ ስሜን አንድ ካደረግኩ በኋላ አራት ወር ጠብቄ የ12 ወር ሲም ጠየቅኩ። በሁለት ደቂቃ አለፈ። ስሜን ግን ከመላኬ በፊት ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ።