በቤቱ የኩላሊት እጥበት የሚያደርግን ዘመድ እንዴት እንደግፍ

በአሜሪካ የኩላሊት እጥበት በማዕከል ብቻ ሳይሆን በታማሚው ቤትም ይደረጋል፤ በቤት ከሚደረጉትም በብዛት የሚመረጠው በሆድ በኩል የሚደረገው ነው። ሆድ ላይ በተተከለ ቀጭን ቱቦ ፈሳሽ ይገባል፣ ለሰዓታት ይቆያል፣ ቆሻሻውን ይዞ ይወጣል። በእጅ ሲሠራ ብዙውን ጊዜ በቀን 4 ጊዜ ይለወጣል፤ በማሽን ከሆነ ደግሞ ታማሚው ተኝቶ ሳለ ሌሊቱን ይሠራል። እሑድም ሆነ ዓመት በዓል የማይታለፍ ሥራ ስለሆነ፣ «የሚያስፈልግህ ነገር ካለ ደውልልኝ» ብሎ መሄድ ብዙም አይጠቅምም፤ ታማሚው አይደውልም። ቀኑ የታወቀ አንድ ሥራ መረከብ ግን ሸክሙን በእውነት ያቀልለታል።

ፈሳሹ አብዛኛውን ጊዜ በወር አንዴ፣ በብዙ ከባድ ካርቶኖች ታሽጎ ይመጣል። ጉልበት ያለው ዘመድ በዚያ ቀን ተገኝቶ ይደርድር፤ የአገልግሎት ጊዜው ቀድሞ የሚያልፈውንም ከፊት ያስቀምጥ።

የታመመ መጠየቅ ትልቅ ባህላችን ነው፤ ሆኖም ፈሳሹ በሚለወጥበት ሰዓት በርና መስኮት ይዘጋል፣ የአየር ማራገቢያ (ቬንትሌተር) ይጠፋል፣ በክፍሉ ያለ ሰው ሁሉ ማስክ ያደርጋል፤ ጀርም በቱቦው ከገባ ሆድ ውስጥ አደገኛ ኢንፌክሽን ያስከትላልና። ስለዚህ አንድ የቤተሰብ አባል ሰዓቱን ይያዝ፣ ጠያቂዎችም አስቀድመው ለእርሱ ይደውሉ፤ ጉንፋን የያዘው ሰው በስልክ ቢጠይቅ ይሻላል።

ቢያንስ አንድ ዘመድ ከታማሚው ጋር የቤት እጥበት ሥልጠናውን ቢወስድ መልካም ነው። የወጣው ፈሳሽ ያለበትን ከረጢት በታተመ ጽሑፍ ላይ አድርጎ ፊደሎቹ በፈሳሹ ውስጥ አልፈው በግልጽ ይነበቡ እንደሆነ ማየትን እዚያ ይማራል። ፈሳሹ ከደፈረሰ፣ ሆድ ካመመ ወይም ትኩሳት ካለ፣ እስኪነጋ ሳይጠብቅ ለተረኛዋ ነርስ ይደውል፤ ከረጢቱንም አይጣል።

ምግብ ይዞ የሚመጣ ሰው ብዙ ሊረዳም ሊጎዳም ይችላል። ጨው የገባበት በርበሬና ሚጥሚጣ ስላለ፣ ወጡን ጨው ቀንሶ መሥራት ያስፈልጋል። በማዕከል የሚታጠብ ሌላ ዘመድ የተከለከለውን ዝርዝር ግን እንዳለ መገልበጥ አይገባም፤ በሆድ የሚታጠብ ሰው ፖታሲየም የተባለው ማዕድን ሊያንሰው፣ በማዕከል የሚታጠበው ግን ሊበዛበት ይችላልና። ከፈሳሹ ጋር ፕሮቲን ስለሚወጣ እንቁላል፣ ዓሣና ሥጋ ያስፈልጉታል፤ በጾም ወቅት ይህን ጉዳይ ከሥነ ምግብ ባለሙያዋም ከንስሐ አባትም ጋር አስቀድሞ መነጋገር ይበጃል።

በፌዴራል ደንብ መሠረት እያንዳንዱ የዲያሊሲስ (የኩላሊት እጥበት) ማዕከል ሶሻል ወርከር (የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያ) እና የሥነ ምግብ ባለሙያ ሊኖረው ይገባል፤ ብዙ ወገኖቻችን ግን ሶሻል ወርከሯን ሳያነጋግሩ ይቀራሉ። ሜዲኬር (የፌዴራል መንግሥት የጤና መድን) በኩላሊት ምክንያት ሲሰጥ አብዛኛውን ጊዜ ከ4ኛው የእጥበት ወር ይጀምራል፤ በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት የቤት እጥበት ሥልጠና ለጀመረ ሰው ግን ከ1ኛው ወር ሊጀምር ስለሚችል፣ ይህን ቶሎ ጠይቋት። አስተርጓሚም ያለ ክፍያ እንዲቀርብ ጠይቁ፤ ልጅ የወላጁን ሕመም እንዲያስተረጉም ማድረግ ለሁለቱም ከባድ ነው።

አስታማሚዋን ማንም አይጠይቃትም። ለባል፣ ለሚስት፣ ለወላጅ ወይም ለልጅ አስታማሚ የሆነ ሠራተኛ፣ 50 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ባለው ድርጅት ቢያንስ አንድ ዓመት ከሠራና የሥራ ሰዓቱ ከሞላለት፣ በዓመት እስከ 12 ሳምንት ያለ ደመወዝ ፈቃድ ማግኘት ይችላል፤ ሐኪሙ ካረጋገጠም ቀን እየቆራረጠ ሊወስደው ይችላል። ሥልጠናውን የወሰደው ዘመድም አንዳንድ ሌሊት ከታማሚው ቤት አድሮ የማሽኑን ጥሪ ይጠብቅላት፣ እርሷም ሌላ ክፍል በሯን ዘግታ ትተኛ።