ቼንሶው ይጮሃል፣ ግንዱ አይቆረጥም

«ሞተሩ ጉልበት አጥቷል» ይሉኛል። ቼንሶውን፣ ማለትም የሞተር መጋዙን፣ እቀበላለሁ፣ አስነሳዋለሁ፣ አዳምጠዋለሁ። ሞተሩ ደህና ነው። አጥፍቼ ጣቴን የሰንሰለቱ ጥርስ ላይ ሳደርግ እንደ ማንኪያ ጠርዝ ዶልዱሞ አገኘዋለሁ። ይህን ስንት ጊዜ እንዳየሁ መቁጠር ትቻለሁ። ስለዚህ ከዚህ በታች ስለ ሌላውም ብልሽት እጽፋለሁ፤ ብዙው ቀለም የሚያልቀው ግን በዶለዶመ ሰንሰለት ላይ ነው። ቅር አይበላችሁ።

ቤንዚን እንዳለው፣ ማብሪያው እንደበራ፣ የሰንሰለቱ ፍሬን እንደተለቀቀ አይታችኋል ብዬ ነው የምጀምረው።

ቶሎ የሚያልቁት

አልነሳ ካለ ካንዴላውን (እሳት የሚሰጠውን) ፍቱት። ርጥብ ከሆነ ሞተሩ ቤንዚን በዝቶበታል። ቾኩን መልሱ፣ ማብሪያውን አጥፉ፣ ካንዴላው ወጥቶ እያለ ገመዱን አምስት ስድስት ጊዜ ሳቡና ጠርጋችሁ ግጠሙት። ደረቅ ከሆነ ቤንዚን አልደረሰም ማለት ነው። ታንኩ ውስጥ ያለችውን ፊልትሮ በታጠፈ ሽቦ ጎትታችሁ አውጥታችሁ እዩአት። የካንዴላው ክፍተት በአብዛኛው 0.5 ሚሊ ሜትር ነው።

ከወር በላይ የከረመ ድብልቅ ቤንዚን አትጠቀሙ። ድብልቁም በዓይን ግምት አይሆንም። ጥራት ያለው የቱ ስትሮክ ዘይት ከሆነ ለ1 ሊትር ቤንዚን 20 ሚሊ ሊትር፣ ለ5 ሊትር 100 ሚሊ ሊትር ነው። «ትንሽ ጠብ አድርጌበታለሁ» ያለኝን ሰው ሲሊንደር ከፍቼ አይቻለሁ፤ ፒስቶኑ ከላይ እስከ ታች ተፋፍቆ ነበር።

ተነስቶ ቤንዚን ስትሰጡት የሚጠፋ ከሆነ የአየር ፊልትሮው በሰጋቱራ ታፍኗል፣ ወይም የቤንዚኑ ፊልትሮ ቆሽሿል። ሁለቱም ንጹሕ ከሆኑ ማርሚታው (የጭስ ማውጫው) ላይ ያለችውን ትንሽ ወንፊት እዩ፤ ጥላሸት ይደፍናታል። ካርቡሬተር የሚነካው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ካቻቪቴ አንስቶ በቀጥታ ካርቡሬተር ላይ የሚዘምት ሰው አለ። ብሎኖቹን ያዞራል፣ ያዞራል፣ መጀመሪያ የት እንደነበሩ ይጠፋበታል። ከዚያ እኔ ጋ ይመጣል።

ጥቂት ሠርቶ ይጠፋል፣ የታንኩ ክዳን ሲላላ «ፍስስ» ብሎ ደግሞ ይሠራል? የታንኩ መተንፈሻ ተደፍኗል። አጽዱት፣ አለቀ።

እጃችሁን ከቤንዚን መስጫው ላይ አንስታችሁም ሰንሰለቱ የሚዞር ከሆነ ሚኒሞውን (ሞተሩ ቤንዚን ሳትሰጡት የሚዞርበትን ፍጥነት) ዝቅ አድርጉ። ዝቅ አድርጋችሁትም ካልቆመ የፍሪሲዮኑ ሞላ ተበጥሷል ወይም ተለጥጧል። ይህን ይዛችሁ ዛፍ ላይ እንዳትወጡ። መሬት ላይም አትሥሩበት።

ይጮሃል፣ ያጨሳል፣ አይቆርጥም

እንግዲህ ወደ ዋናው።

መጀመሪያ ሰጋቱራውን እዩ። ስለታም ሰንሰለት የሚተፋው ቅራፊ ነው፤ በመዳፍ ቢይዙት አንድ በአንድ ይለያል። የዶለዶመው የሚተፋው የላመ ዱቄት ነው። ቀጥሎ ክንዳችሁን ጠይቁት። ስለታም ሰንሰለት ራሱ እንጨቱን ነክሶ ይገባል፣ የእናንተ ሥራ መምራት ብቻ ነው። መግፋት ከጀመራችሁ ስለቱ አልቋል። ጭሱም ከማርሚታው ሳይሆን ከተቆረጠው ቦታ ከወጣ ሌላ ማስረጃ አትፈልጉ። ደርቆ የሞተ ወይም የበሰበሰ እንጨት ግን በደህና ሰንሰለትም ቢሆን ብናኝ ይሰጣል። ፍርዱን በርጥብ እንጨት ላይ ስጡ።

አንዴ አንድ ሰው አዲስ ሰንሰለት እንዳስገባ መጣ። «አዲሱ ሰንሰለት የማይረባ ነው፣ እንጨቱን ያቃጥለዋል እንጂ አይቆርጠውም» አለኝ። ከዚያ በፊት ካንዴላ ቀይሯል፣ ፊልትሮ ቀይሯል፣ ካርቡሬተር አስፈትቷል። ሰንሰለቱን አየሁት። ተገልብጦ ነው የገባው። ሰንሰለቱ የሚዞርበት ረጅም ብረት ባር ይባላል። በባሩ የላይኛው ጠርዝ ላይ የጥርሱ ስለት ወደ ባሩ ጫፍ ማየት አለበት፤ የሱ ግን ወደ ሞተሩ ያይ ነበር። በጀርባው እንጨቱን ሲያሽ ነው የከረመው። አልሳቅሁም። ጀማሪ እያለሁ እኔም አድርጌዋለሁ።

አብዛኛው ግን አፈር ነው። ሰንሰለት አፈር ነካ ማለት ዶለዶመ ማለት ነው። ሙሉ ቤንዚን ሲሰጠው በሰከንድ ወደ 20 ሜትር ይሮጣል። አንዷ ሰከንድ ውስጥ እያንዳንዱ ጥርስ አፈሩን ከአሥር ጊዜ በላይ ይልሰዋል። መሬት ላይ የተጋደመን ግንድ ከላይ እስከ ታች በአንድ ጊዜ የሚገዘግዝ ሰው ስንት ሰንሰለት እንደሚጨርስ አስቡት። ሁለት ሦስተኛውን ቁረጡ፣ ግንዱን አንከባሉት፣ ከዚያ ጨርሱት። የሚንከባለል ካልሆነ ከሥሩ ጉማጅ እንጨት አስገቡበት። በጭቃ የተጎተተ ግንድ ከሆነ ደግሞ ቅርፊቱ አሸዋ ይዟል። በመጥረቢያ ላጥ አድርጉት ወይም በሽቦ ብሩሽ ጥረጉት።

ምስማርና ሽቦም አለ። አጥር ወይም የልብስ ማስጫ ገመድ ታስሮበት የነበረ ዛፍ ብረቱን በዓመታት ውስጥ ውጦ ይደብቀዋል። ከውጭ ምንም አይታይም። ግንዱ ላይ ጠቆር ያለ ሰማያዊ ነጠብጣብ ወይም ያለ ምክንያት ያበጠ ቦታ ካያችሁ ጠርጥሩ። እኔ ሳልጠረጥር ገብቼ የአንድ ወገን ጥርሶች በሙሉ ጫፋቸው ረግፏል። ያን ሰንሰለት ለመመለስ ግማሽ ቀን ሞረድኩ።

አሞራረዱ

የሰንሰለቱ ጥርሶች አንዱ ወደ ቀኝ፣ አንዱ ወደ ግራ የሚዞሩት ያለ ምክንያት አይደለም። ጆ ኮክስ የሚባል አሜሪካዊ እንጨት ቆራጭ እ.ኤ.አ. በ1946 የጥንዚዛ እጭ እንጨት ስትበላ ተመለከተ። እጯ ግራና ቀኝ እያለች፣ በቃጫውም በኩል ቢሆን በማቋረጥም ቢሆን እኩል ትቦረቡራለች። አፏን አይቶ ሠራው። ዛሬ የምንይዘው ሰንሰለት የዚያ ልጅ ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት ጥርሶች እንደ ተራ መጋዝ የሚፍቁ ነበሩ። የኛው የሚሠራው ግን እየላገ ስለሆነ ጥርሱ እንደ መላጊያ ምላጭ መሳል አለበት። ግራና ቀኙም እኩል ካልሆነ ነገሩ ይበላሻል።

ክብ ሞረድ ያዙ። መጠኑን በሰንሰለቱ ልክ ምረጡ፤ 3/8 እና .325 የሚባሉት በኢንች የተጻፉ የሰንሰለት መጠኖች ናቸው። ዛፍ ላይ ይዘናቸው ለምንወጣ ትንንሽ ቼንሶዎች የሚሆነው ዝቅተኛው 3/8 ሰንሰለት 4 ሚሊ ሜትር ሞረድ ይወስዳል። ባለ .325 ከሆነ 4.8፣ ትልቁ 3/8 ከሆነ እንደ አምራቹ 5.2 ወይም 5.5 ነው። ቁጥሩ በሰንሰለቱ ላይ ተቀርጿል፣ ወይም ማሸጊያው ላይ ተጽፏል። «የቀረበልኝ ሞረድ» የሚባል መጠን የለም። የቀጠነ ሞረድ ጥርሱን ከሥር መንጠቆ ያደርገዋል፤ ስለቱ ለደቂቃዎች ይቆርጥና ይሄዳል። የወፈረው ደግሞ ግንባሩን ወደ ኋላ ያጋድለዋል።

ሞተሩን አጥፉ፣ ጓንት አድርጉ፣ ባሩን በሞርሳ እሰሩ። ሜዳ ላይ ከሆናችሁ ጉቶ ላይ ሰንጥቃችሁ ባሩን እዚያ ሰንቅሩት። መጀመሪያ የሚሞረደውን ጥርስ በቀለም ምልክት አድርጉበት፤ አለበለዚያ ሁለት ጊዜ ትዞሩታላችሁ። ከሁሉም ያጠረውንና የተጎዳውን ጥርስ ፈልጋችሁ ከሱ ጀምሩ። ሌሎቹ የሚለኩት በሱ ነው።

ሞረዱን ከጥርሱ ውስጥ ወደ ውጭ ግፉት። በግፊት ብቻ። ስትመልሱት አንሱት፤ ወዲያና ወዲህ መፈግፈግ ሞረዱንም ስለቱንም ይገድላል። የሞረዱ ውፍረት አንድ አምስተኛው ከጥርሱ ጣሪያ በላይ ይቅር። ማዕዘኑ በአብዛኛው ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ነው። ብዙ ጥርስ አናቱ ላይ መስመር ስላለው ሞረዱን ከመስመሩ ጋር አስተካክሉ። ሁለት ሦስት ግፊት፣ ለሁሉም ጥርስ እኩል ቁጥር፣ እኩል ጉልበት። የጥርሱ ጫፍ ላይ ብርሃን የምታንጸባርቅ ነጭ መስመር ካለች ገና አልተሳለም። ስለት ብርሃን አይመልስም።

ቤንዚን በሞላችሁ ቁጥር ሁለት ግፊት ብትሰጡት ሰንሰለቱ በጭራሽ እዚህ አይደርስም። ሰው ግን እስኪያጨስ ይጠብቃል።

ተስሎም የማይቆርጥ ከሆነ ከጥርሱ ፊት ያለችውን ጉብታ እዩ። ጥርሱ በምን ያህል ጥልቀት እንደሚነክስ የምትወስነው እሷ ናት። ጥርሱ ሲሞረድ ወደ ኋላ እያፈገፈገ ቁመቱ ይቀንሳል፣ ጉብታዋ ግን ባለችበት ትቀራለች። ስለዚህ በየሦስት አራት ሙረዳው ለኩ። በብዙ ሰንሰለት ላይ ከጥርሱ 0.65 ሚሊ ሜትር ዝቅ ማለት አለባት። መለኪያዋን ብረት ደርባችሁ በላይ ብቅ ያለውን በጠፍጣፋ ሞረድ ውሰዱ፣ የፊት ማዕዘኗን ክብ አድርጉ።

ያለ መለኪያ እንዳትነኳት! «ትንሽ ዝቅ ባደርጋት ይበልጥ ይነክሳል» ብሎ የጨረሳት ልጅ አውቃለሁ። በእርግጥ ነከሰ። ቼንሶው እየተያዘ ይንቀጠቀጣል፣ ሞተሩ ይታነቃል። ከሁሉ የባሰው የባሩ ጫፍ የላይኛው ሩብ እንጨት በነካ ቁጥር መሣሪያው ወደ ፊቱ መወርወሩ ነበር። በሁለት እጁ ስለያዘውና ፍሬኑ ስለሠራ ተረፈ። ያን ሰንሰለት በፒንሳ ቆርጬ ጣልኩት፣ ማንም አንስቶ እንዳይጠቀምበት።

በግራይንደር ስላሳሉትም ልበል። ጥርሱ ሰማያዊ ሆኖ ከመጣ ብረቱ ተቃጥሏል። ወይ ሞረድ አይዘውም፣ ወይ ስለት አይቆይለትም። ለፍጥነት ብላችሁ ሰንሰለት አትግደሉ።

እንደ ጨረቃ እየተጠማዘዘ ይቆርጣል

የአንዱ ወገን ጥርስ ይበልጥ ተስሏል ወይም ይረዝማል። ቼንሶው ወደዚያ ወገን ይጎተታል። ቀኝ እጅ ለለመደ ሰው አንዱ ወገን ይመቸዋል፣ ሌላውን ተጠማዝዞ ስለሚሞርደው ሳያውቅ ያዳላል። ለደካማው እጅ ቦታ ቀይሩ፤ ከሞርሳው ወዲያ ማዶ ዙሩ። ጥርሶቹ እኩል ሆነውም ከተጠማዘዘ ጥፋቱ የባሩ ነው። የባሩን ሁለት ጠርዝ ጠፍጣፋ ነገር ላይ አቁሙት። ዘመም ካለ አንዱ ጠርዝ ተበልቷል። በጠፍጣፋ ሞረድ አስተካክሉት፣ ወደ ጎን የተገለበጠውን ስለታም ጠርዝም አንሱለት። በየጊዜው ባሩን ብትገለብጡት ሁለቱም ወገን እኩል ያልቃል።

ባሩ ይግላል፣ ይጠቁራል

ዘይት አይደርሰውም። የባሩን ጫፍ ነጣ ያለ ጉቶ ላይ ሳታስነኩ አዙራችሁ ቤንዚን ስጡት፤ የዘይት መስመር መታየት አለበት። ካልታየ ባሩን ፈትታችሁ ቀዳዳውንና ቦዩን በቀጭን ሽቦ ጥረጉ። የተቃጠለ የሞተር ዘይት የምትጨምሩ ሰዎች፣ ተዉ። ውስጡ የብረት ብናኝ አለ፣ ፓምፑን ይበላል፣ ለቆዳችሁም አይሆንም።

ቅርፊቱ እስከ ግንዱ ተልጦ ወረደ

ይህ የመሣሪያ ብልሽት አይደለም፣ የትዕግሥት ነው። የከበደ ቅርንጫፍ ከላይ ብቻ ከተቆረጠ ሳያልቅ ይሰበርና ቅርፊቱን ይዞ ይወርዳል። ከግንዱ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ራቅ ብላችሁ ከሥር ሩቡን ቁረጡ። ከዚያ ትንሽ ወደ ውጭ ወጥታችሁ ከላይ ቆርጣችሁ ጣሉት። የቀረውን ጉማጅ ግንዱ ላይ ካለው ያበጠ ቀለበት ውጭ አንሱት። ቀለበቱን አትንኩ፣ ጉማጁንም አታስረዝሙ። ቀለም መቀባት አያስፈልግም። ዛፍ እንደ እኛ ቁስሉን አይሽርም፤ የተጎዳውን እንጨት አጥሮ በላዩ ያድጋል። አሌክስ ሺጎ የሚባል አሜሪካዊ የዛፍ ተመራማሪ ብዙ ሺህ ዛፎችን ሰንጥቆ ያሳየው ይህንን ነው። በዶለዶመ ሰንሰለት የተቦጫጨቀ ጠርዝ ደግሞ ለመሸፈን ይዘገያል።

ሰንሰለቱ ከባሩ ይወጣል

ላልቷል። ዳዶዎቹን አላሉ፣ የባሩን ጫፍ ወደ ላይ ያዙ፣ ሰንሰለቱ ከሥር ባሩን እስኪነካና በእጅ በቀላሉ እስኪጎተት ወጥሩ፣ ጫፉን እንደያዛችሁ እሰሩ። አዲስ ሰንሰለት ይለጠጣልና በመጀመሪያው ቀን ደጋግማችሁ እዩት። ወጥራችሁትም የሚወጣ ከሆነ ሰንሰለቱን የሚያዞረው ጥርሳም ጎማ ተበልቷል። በሥራ ላይ ግሎ የረዘመ ሰንሰለት ከወጠራችሁ ደግሞ ማታ ስትጨርሱ አላሉት። ሲበርድ ይሰበሰባል፣ ባሩን አንቆ ይዞ የሞተሩን ኮሎ (ዋናውን ዘንግ) እና ኩሽኔታ ሲጎትት ያድራል።