ሥራ ቦታ ላይ ማማረርን በሽምብራ እንዴት መቀነስ ይቻላል?

አማራሪ መሆኔን የነገረችኝ ቢሮአችን በር ላይ ቡና የምታፈላው ልጅ ናት። አንድ ከሰዓት ገና በርጩማው ላይ ሳልቀመጥ፣ "ጋሼ፣ ዛሬ ደግሞ ምን አደረጉዎት?" አለችኝ። አንዲት ቃል አልተነፈስኩም ነበር። ፊቴን አይታ ነው።

ባሕር ዳር ውስጥ ባለጉዳይ በሚበዛበት መስኮት ላይ ነው የምሠራው። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ የከሰዓቱን ሙቀት እዚህ የኖረ ያውቀዋል። ማራገቢያው ይቆማል፣ ሲስተም ይሄዳል፣ ወረፋው በሩን አልፎ ይወጣል። የሚያማርር ነገር አይጠፋም። ከዚያች ቀን ወዲህ የሞከርኩትን በተራ ልንገራችሁ።

1. መጀመሪያ ቁጠሩ

አንድ ሳምንት ምንም ለመለወጥ አትሞክሩ። ጠዋት 10 ፍሬ ሽምብራ ቀኝ ኪሳችሁ ውስጥ ይዛችሁ ግቡ። ባማረራችሁ ቁጥር አንዷን ወደ ግራው አዛውሩ። ሽምብራው ጥሬ ይሁን። እኔ በመጀመሪያው ቀን ቆሎ ይዤ ሄጄ፣ 5 ሰዓት ሳይሞላ ማስረጃውን በልቼ ጨረስኩ። በማግስቱ በጥሬው ጀመርኩ፤ ከምሳ በፊት 10ሩም ግራ ኪስ ገብተው ነበር።

ምን ይቆጠራል? "ኡፍ" ይቆጠራል። ባለጉዳይ ዞር ሲል ባልደረባን በዓይን መጥቀስም ይቆጠራል። "መብራት ጠፋ" ማለት አይቆጠርም፣ ወሬ ነው። "እዚህ አገር ደግሞ ምን መብራት አለ!" ካላችሁ ግን ሽምብራዋ ትሂድ።

2. ሰዓቱን ልብ በሉ

የእኔ ሽምብራ በብዛት የሚፈልሰው ከ8 እስከ 9 ሰዓት ነው። ምሳ ትቼ በቡና የዋልኩ ቀን ደግሞ ይብሳል። ስለዚህ ግማሹ መድኃኒት ምሳ ሆኖ ተገኘ። 10 ደቂቃ ካገኛችሁ ወደ ሐይቁ ዳር ውጡ። ከሰዓት የብሱ ከውሃው ይልቅ ስለሚግል ነፋሱ ከጣና ወደ ከተማው ይመጣል።

3. ለምሬታችሁ አድራሻ ፈልጉለት

ዋናው ይሄ ነው። አቤቱታ ሊፈታው ለሚችል ሰው ይነገራል። ምሬት ደግሞ ለተገኘው ሁሉ። ስለ ተሰበረ ወንበሬ 6 ወር አማርሬያለሁ። ለባልደረቦቼ፣ ለባለቤቴ፣ ለባጃጅ ሹፌር ሳይቀር። ለንብረት ክፍል ግን አንድ ቀን አልተናገርኩም! በመጨረሻ ሄጄ እንዲህ አልኩ፦

"ወንድሜ፣ የወንበሬ እግር ከላላ ቆየ። ወገቤን እያመመኝ ነው። እስከ ዓርብ ልታስጠግኑልኝ ትችላላችሁ?"

የሆነው፣ የጎዳኝ፣ የምፈልገው፣ ቀኑ። በቃ። "እናንተ እኮ ሁልጊዜ..." የምትለዋን ዋጧት። ወንበሩ ዓርብ አልመጣም። በሳምንቱ መጣ።

ሆድ ይፍጀው በሉ እያልኩ ግን አይደለም። ደመወዝ ከተቆረጠ ወይም ሰው ከተዋረደ ይነገር፤ በጽሑፍም ይሁን። ለዚያ ሽምብራ አይነሳም።

4. ያንኑ ወሬ በሌላ አፍ ንገሩ

ከዘጌ በጀልባ የመጡ እናት "ሲስተም የለም፣ ነገ ይምጡ" ሲባሉ ምን እንደሚሰማቸው አስቡት። እኔ ይህን በቀን ስንቴ ብዬው ይሆን? አሁን "እናቴ፣ ሲስተሙ ተቋርጧል። ስልክዎን ይስጡኝ፣ ሲመጣ እደውላለሁ፤ በከንቱ አይመላለሱ" እላለሁ። ሲስተሙ በዚህ አይመጣም። ግን መስኮቱ ላይ የሚጮህ ሰው ቀንሷል። እደውላለሁ ካላችሁ ታዲያ ደውሉ።

5. ሌላው ሲያማርር አትስበኩ

አዲስ የታረመ ሰው አጉል ነው፤ እኔም አንድ ሳምንት አስቸግሬያለሁ። ባልደረባችሁ ሲያማርር "ለማን ነገርከው?" ብላችሁ ጠይቁት። የሚሰማው ሰው ብቻ ከፈለገ ደግሞ ስሙት። እኛ ቢሮ አቦል ላይ ማማረር ይፈቀዳል፤ ቶና ሲቀዳ ወሬ ይቀየራል። በረካ ድረስ የሚያማርር የሁሉንም ቡና ይከፍላል።

ትናንት 4 ሽምብራ ብቻ ነው የተዛወረው። አንዷ እንኳ ስለ ባጃጅ ዋጋ ናት፣ አቤቱታ ነው ብዬ ቡና ከምታፈላው ልጅ ጋር ተከራከርኩ።

"ጋሼ፣ ታዲያ ለእኔ ምን ይነግሩኛል?" አለችኝ።