ቴራፒስት ጋ ልሂድ ወይስ ኮች ጋ?

ሁለቱም ቁጭ ብለው ያዳምጣሉ፣ ይጠይቃሉ፤ ግራ የሚያጋባውም ይኸው ነው። ቴራፒ ስለ ትናንት፣ ኮቺንግ ስለ ነገ ነው የሚለው አከፋፈል ብዙ አይረዳም፤ ብዙ ቴራፒስቶች ዛሬ በሚያስቸግረው ነገር ላይ ይሠራሉና። ቴራፒ የአእምሮ ጤና ሕክምና ነው። ኮቺንግ የዕለት ኑሮውን መምራት የሚችል ሰው ለያዘው ግብ የሚያገኘው እገዛ ነው።

መጀመሪያ ያለፉትን 2 ሳምንታት ይመልከቱ። ድባቴን (ዲፕሬሽንን) ለመለየት ባለሙያዎች የሚጠቀሙበት ዝቅተኛ ጊዜም ይኸው ነው። አብዛኛውን ቀን ከከፋዎት ወይም የሚወዱት ሁሉ ካስጠላዎት፣ እንቅልፍና የምግብ ፍላጎት ከተዛባ፣ ሥራ ካቃተዎት ቴራፒስት ይቅደም። የደም ማነስና የታይሮይድ ችግርም ተመሳሳይ ድካም ስለሚያመጡ ሐኪም ጋ መታየቱ አይከፋም። ራስን የማጥፋት ሐሳብ ካለ ቀጠሮ አይጠብቁ፤ ዛሬውኑ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።

እዚህ ውስጥ ካልሆኑ ችግሩን በአንድ መስመር ይጻፉት። ለምሳሌ ሰው ፊት መናገር፦ ንግግር ማዋቀር ካልቻሉ ኮች ይበቃል። ንግግሩ ሳምንት ሲቀረው ጀምሮ እንቅልፍ የሚነሳዎት፣ ሰበብ ፈልገው የሚቀሩ ከሆነ ግን ጉዳዩ የቴራፒስት ነው።

ቀጥሎ ማስረጃ ይጠይቁ። ቴራፒስት በሚሠራበት አገር ሕግ ፈቃድ የሚያስፈልገው ከሆነ ፈቃዱን ያሳይ። ኮች የሚለውን መጠሪያ ግን በአብዛኞቹ አገሮች ማንም ሊለጥፈው ይችላል። በ1995 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው ዓለም አቀፉ የኮቺንግ ፌዴሬሽን ለመጀመሪያ ደረጃ ምስክር ወረቀቱ ቢያንስ 60 ሰዓት ትምህርትና 100 ሰዓት የሥራ ልምድ ይጠይቃል፤ ለማነጻጸሪያ ይጠቅማል። ከአቅሙ በላይ የሆነ ጉዳይ ሲገጥመው ወደ ማን እንደሚልክም ይጠይቁት። «እኔ ሁሉንም እሠራለሁ» ካለ ይተዉት።

ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ድባቴ ያለበት ሰው ኮች ጋ ሲሄድ ነው። ኮች የቤት ሥራ ይሰጣል፤ ሰውየው ከአልጋ መነሳት አቅቶታልና ሳይሠራው ይመጣል፤ ነገሩ እንደ ስንፍና ይቆጠርና በሕመሙ ላይ ጸጸት ይደረባል። በተቃራኒው የሥራ ማመልከቻ ለማሳመር ቴራፒ የገባ ሰው ገንዘብና ጊዜ ቢያባክን ነው።

ሁለቱን አብሮ መያዝም ይቻላል፤ አንዱ ስለ ሌላው ይወቅ እንጂ። ከ4 እስከ 6 ክፍለ ጊዜ ሄደው ምንም ለውጥ ካላዩ ያንኑ በግልጽ ይንገሯቸው፤ ዘዴውን ወይም ባለሙያውን መቀየር ነውር የለውም።