ካሜራ ማንሳት ሲያስጠላ

«እኔ እኮ አልችልበትም» የሚለው ስሜት ሲመጣብኝ መጀመሪያ የማደርገው የሌሎችን ፎቶ ማየት ማቆም ነው። ስልካችን ላይ የምናየው የሰውን ምርጥ ብቻ ነው፤ የጣለውን ማንም አያሳየንም። ፎቶግራፍ አንሺው ሮበርት ፍራንክ እ.ኤ.አ. በ1955 እና በ1956 አሜሪካን እየዞረ ወደ 28,000 ፎቶ አንስቶ ለመጽሐፉ የመረጠው 83 ብቻ ነበር። ስለዚህ ከአንድ ቀን ውሎ አንድ ደህና ፎቶ ካገኛችሁ ቀኑ አልባከነም።

ከዚያ ምርጫችሁን አጥብቡ። እኔ ዙም ሌንሱን ትቼ ዙም የማያደርገውን 50 ሚሊሜትር ሌንስ ብቻ እይዛለሁ፤ ማቅረብና ማራቅ የእግሬ ሥራ ይሆናል። ቤት መዋል ካማራችሁም መስኮት አጠገብ አንድ ኩባያ አስቀምጡና መብራቱን አጥፉ። ብርሃኑ ከጎን ሲመጣ አንሱት፤ መጋረጃውን ግማሽ ዝጉና ድገሙት። ከዚያ ዞራችሁ መስኮቱን ከኩባያው ኋላ አድርጉት። አሁን ካሜራው ኩባያውን ያጠቁረዋል። ኤክስፖዠሩን (ካሜራው የሚቀበለውን የብርሃን መጠን) በ1 ስቶፕ፣ ማለትም በእጥፍ፣ ከፍ ስታደርጉት ጥላ የዋጠው እጀታ ብቅ ይላል። ይህን ያየ ዐይን ሥራውን አልረሳም ማለት ነው፤ እኔን ብዙ ጊዜ የሚያነቃቃኝ ይኸው ነው።

ያነሳችሁትን በዕለቱ አታጥፉ። በደከመ ዐይን የታየ ፎቶ ሁሉ ያስጠላል፤ ሳምንት ቆይታችሁ ስታዩት ከመሀሉ የምትወዱት አይጠፋም። ለሰው ማሳየት ከፈለጋችሁ ደግሞ ዐይኑን ለምታምኑት አንድ ሰው አሳዩ፤ «ያምራል ወይ?» ሳይሆን «መጀመሪያ ዐይንህ የት አረፈ?» ብላችሁ ጠይቁት። አዲስ ካሜራ ስለመግዛት በዚህ ሰሞን አታስቡ። ጨርሶ ካላሰኛችሁ ለጥቂት ጊዜ አስቀምጡት፤ ባትሪውን ግን ሞልታችሁ።