አዲስ ባለቱርቦ ሞተርን ማላመድ፦ የመጀመሪያዎቹ 2,000 ኪሎሜትሮች

አዲስ ጉልበታም መኪና የተረከበ ሰው ስለ ሮዳጅ (አዲስ ሞተርን ስለ ማላመድ) ሁለት የሚጣረሱ ምክሮች ይደርሱታል። አንዱ ወገን «እንደ እንቁላል ያዘው፣ በደቂቃ ከ2,000 ዙር አታሳልፈው» ይላል። ሌላው «ከመጀመሪያው ቀን ካልረገጥከው ጉልበት አያወጣም» ይላል። ባለቱርቦ ሞተርን (በጭሱ ግፊት በሚዞር መሣሪያ ተጨማሪ አየር የሚታመቅበትን) ሁለቱም ይጎዱታል። ሞተሩን በደንብ የሚያላምደው ዘይቱ ከሞቀ በኋላ የሚሰጠው፣ ከፍ ዝቅ የሚል መካከለኛ ጭነት ነው። ይህ ለምን እንደሆነ ለመረዳት ሲሊንደሩ ውስጥ ምን እንደሚካሄድ ማወቅ ይጠቅማል።

የሲሊንደር ግድግዳ ከፋብሪካ ሲወጣ ሙልጭ ያለ አይደለም። ሆን ተብሎ እርስ በርሱ የሚቋረጥ ደቃቅ ጭረት ይወጣበታል። የጭረቱ ጎድጓዳ ክፍል ዘይት ይይዛል፤ ወጣ ያለው ጫፍ ደግሞ ከፒስተኑ ፋሻ (ፒስተኑን ከከበበው የብረት ቀለበት) ጋር እየተፋተገ ይበላና ሁለቱ አካላት ልክ ለልክ ይገጥማሉ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ፦ ፋሻውን ከግድግዳው ጋር የሚያጣብቀው የራሱ መለጠጥ ብቻ አይደለም። ከፍተኛውን ግፊት የሚሰጠው ከፋሻው ጀርባ የሚገባው የቃጠሎ ጋዝ ነው። ጭነቱ ሁልጊዜ ትንሽ ከሆነ የጋዙም ግፊት ትንሽ ስለሚሆን፣ ፋሻው ጫፎቹን በመብላት ፈንታ ላያቸው ላይ ይንሸራተታል። ግድግዳው ላይ የቀረው ዘይት በሙቀት እየደረቀ የሚያብለጨልጭ ሽፋን ይሠራል፣ ጭረቱም ይደፈናል። ከዚያ በኋላ ሞተሩ ዘይት መብላት ይጀምራል፤ የቃጠሎው ጋዝም በፋሻው ጎን እያመለጠ ወደ ዘይት ኮፓው (ከሞተሩ ሥር ወዳለው የዘይት ማጠራቀሚያ) ይወርዳል። ነገሩ እዚህ ከደረሰ በአነዳድ ብቻ መመለሱ በጣም ይከብዳል፤ ብዙውን ጊዜ ሞተሩ ተፈትቶ የሲሊንደሩ ጭረት እንደገና መውጣት ይኖርበታል።

በተቃራኒው፣ ገና ሳይላመድ ሙሉ ጭነት ከተሰጠው የሚፋተጉት ጫፎች ከመጠን በላይ ይግላሉ። ከአሉሚኒየም የተሠራው ፒስተን ከብረት ሲሊንደር ይልቅ በሙቀት ቶሎ ስለሚሰፋ ክፍተቱ ይጠባል፣ ግድግዳውም ይፋቃል። ይህ ጭረት ከፋብሪካው ጭረት የተለየ ነው፤ ፒስተኑ በሚመላለስበት አቅጣጫ ቀጥ ብሎ የወረደ ስለሆነ ግፊት የሚያሾልክ እንጂ ዘይት የሚይዝ አይደለም።

የዛሬ ሞተሮች አጨራረስ ከድሮዎቹ የተሻለ ነው። ሾል ያሉት ጫፎች ፋብሪካው ውስጥ ቀድመው ስለሚቆረጡ የፋሻው ዋና ሥራ በመጀመሪያዎቹ ጥቂት መቶ ኪሎሜትሮች ያልቃል። የመመሪያ መጻሕፍት ከዚያ በላይ የሚሄዱት ብሮንዞቹ (የሚዞሩት ዘንጎች የሚያርፉባቸው)፣ ካምሻፍቱ (ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ)፣ የካምቢዮው ጥርሶችና ዲፈረንሻሉ በራሳቸው ፍጥነት ስለሚላመዱ ነው።

መጀመሪያ መመሪያውን ይክፈቱ

አምራቾች አንድ ዓይነት ቁጥር አይሰጡም። ሱባሩ ለደብሊው አር ኤክስ በመጀመሪያዎቹ 1,600 ኪሎሜትሮች ከ4,000 ዙር እንዳይታለፍ ያዛል። ቢኤምደብሊው ለኤም ሞዴሎቹ እስከ 2,000 ኪሎሜትር ድረስ 5,500 ዙርንና በሰዓት 170 ኪሎሜትርን ጣሪያ ያደርጋል፤ እዚያው 2,000 ላይ የሞተሩም የዲፈረንሻሉም ዘይት የሚቀየርበት የተለየ ሰርቪስ አለው። ሆንዳ በበኩሉ ለመጀመሪያዎቹ 1,000 ኪሎሜትሮች ድንገተኛ ፍጥነትንና የነዳጅ ፔዳልን እስከ ወለል መርገጥን ይከለክላል። የእርስዎ መኪና መመሪያ የሚለው ከዚህ በታች ከተጻፈው ቁጥር ጋር ከተጋጨ መመሪያውን ይከተሉ። መመሪያው ዝም ባለበት ቦታ የሚከተለው ይሠራል።

ጠዋት ሲነሳ

ሞተሩን ያስነሱ፣ ከ20 እስከ 30 ሴኮንድ ይጠብቁ፣ ከዚያ ቀስ ብለው ይነሱ። ቆሞ በሚኒሞ (ፔዳል ሳይረገጥ በዝቅተኛው ዙር) እየሠራ እንዲሞቅ መተው ጥሩ ልማድ ይመስላል እንጂ አይደለም። ቀዝቃዛ ሞተር ብዙ ቤንዚን ይረጫል፤ ያልተቃጠለው ቤንዚን ከሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ ዘይቱን ያጥበዋል፣ ወደ ኮፓ ወርዶም ዘይቱን ያቀጥነዋል። በቀስታ እየተነዳ የሚሞቅ ሞተር ከዚህ ሁኔታ በአጭር ጊዜ ውስጥ ይወጣል።

የውሃው ሙቀት መለኪያ መሃል ላይ መድረሱ ዘይቱ ሞቋል ማለት አይደለም። ዘይት ከውሃ በጣም ዘግይቶ ይሞቃል። የዘይት ሙቀት የሚያሳይ መለኪያ ካለ 80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እስኪደርስ ከ3,000 ዙር በታች፣ ፔዳሉም ከሲሶው ሳያልፍ ይንዱ። መለኪያው ከሌለ ውሃው መሃል ከደረሰ በኋላ ሌላ 10 ወይም 15 ደቂቃ ይጨምሩ። ከቤት እስከ ሥራ 3 ኪሎሜትር ብቻ የሚመላለስ መኪና ቁጥሩን ቢሞላም ሮዳጁን ጨርሷል ለማለት ያስቸግራል። እንዲህ ያለ ሰው በየሳምንቱ አንድ ቀን ቢያንስ ለአንድ ሰዓት ያህል ወጣ ገባ ባለ መንገድ ቢነዳ ለሞተሩ ትልቅ ውለታ ነው።

ጭነቱን በደረጃ መጨመር

ከ0 እስከ 300 ኪሎሜትር ጣሪያው 3,500 ዙር፣ ፔዳሉም እስከ ግማሽ ይሁን። ጎማው ራሱ ለመያዝ ይህን ያህል ርቀት ስለሚፈልግ፣ በዚህ ጊዜ መታጠፊያ ላይም መፍጠን አያስፈልግም።

የሮዳጁ ዋና ሥራ የሚከናወነው በዚህ መንገድ ነው። ዘይቱ ከሞቀ በኋላ ነፃ መንገድ ላይ በ3ኛ ማርሽ 2,500 ዙር ላይ ይሁኑ። ፔዳሉን በአንድ ጊዜ ሳይደፍቁ ቀስ በቀስ እስከ ግማሽ ይርገጡና ዙሩ 3,500 እስኪደርስ ይያዙት። ከዚያ እግርዎን ሙሉ በሙሉ ያንሱ፤ ፍሪሲዮን ሳይረግጡና ማርሽ ሳይነኩ መኪናው በሞተሩ እየተያዘ ወደ 2,000 ዙር ይውረድ። ሲረግጡ የቃጠሎው ግፊት ፋሻውን ከግድግዳው ጋር ያጣብቃል። ሲያነሱ ደግሞ ሲሊንደሩ ውስጥ የሚፈጠረው የመሳብ ኃይል ጥቂት ዘይት ወደ ፋሻው ስቦ ያመጣል፤ ይህም ያቀዘቅዘዋል፣ ደቃቁን የብረት ብናኝም ያጥባል። በሁለት ሙከራዎች መካከል ሁለት ወይም ሦስት ደቂቃ በመደበኛ ሁኔታ ይንዱ። በአንድ ጉዞ ስምንት ወይም አሥር ጊዜ ከተደረገ ይበቃል። ኋላ የሚከተል መኪና ካለ ይተዉት፤ እግር ሲነሳ የፍሬን መብራት ስለማይበራ መፍጠንዎንና መዘግየትዎን የኋለኛው ሹፌር ሊገምት አይችልም።

ከ300 እስከ 1,000 ኪሎሜትር ይኸው አሠራር እስከ 4,000 ወይም 4,500 ዙር፣ ፔዳሉ እስከ ሁለት ሦስተኛ ድረስ ይቀጥላል። ከ1,000 እስከ 2,000 ደግሞ አልፎ አልፎ ለጥቂት ሴኮንድ 5,000 እና ከዚያ ትንሽ ከፍ ይበሉ። ከ2,000 በኋላ ዘይቱ በሞቀ ጊዜ በአንድ ማርሽ ብቻ ወደ ቀዩ መስመር ጠጋ ብሎ መመለስ ይቻላል፤ ጊዜውን ማርዘም የሚመጣው ቀስ በቀስ ነው። ከቆመበት በሙሉ ኃይል የሚያስነሳውን የ«ላንች ኮንትሮል» ሥርዓት እስከዚያ ድረስ አይንኩት። ፍሪሲዮኑ፣ ካምቢዮውና ዲፈረንሻሉ የሚሸከሙት ትልቁ ድንገተኛ ጭነት እሱ ነው።

በዚህ ሁሉ ጊዜ ክሩዝ ኮንትሮል (ፍጥነቱን በራሱ የሚይዘው ሥርዓት) ጠፍቶ ይቆይ። ረጅም አውራ ጎዳና ላይ መሄድ ግድ ከሆነ በየጥቂት ደቂቃው ፍጥነትዎንና ማርሽዎን ይቀያይሩ። ለሰዓታት በአንድ ዙር መሄድ ለአዲስ ሞተር ከመጠነኛ መርገጥ የባሰ ነው።

ባለቱርቦ ሞተር የሚለይበት ነገር

በጣም አደገኛው ስህተት ገር አነዳድ ስለሚመስል ብዙዎች ሳያውቁት ይሠሩታል፤ ይኸውም ዝቅተኛ ዙር ላይ ጠንክሮ መርገጥ ነው። የዛሬ ቱርቦ ሞተር ብዙውን ጊዜ ከ1,500 እስከ 2,000 ዙር አካባቢ ላይ ከፍተኛውን የመጎተት ኃይሉን መስጠት ይጀምራል። በ6ኛ ማርሽ በ1,600 ዙር ዳገት ላይ ፔዳሉን ሲደፍቁ ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ግፊት የሙሉ ጭነት ግፊት ነው። ክራንክሻፍቱ (ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዋና ዘንግ) ግን ቀስ ብሎ ስለሚዞር ብሮንዞቹ ላይ ያለው የዘይት ሽፋን ይሳሳል።

ሁለተኛው መዘዝ ይብሳል። ቤንዚን በቀጥታ ሲሊንደር ውስጥ በሚረጭባቸው ቱርቦ ሞተሮች፣ ዙሩ ዝቅ ብሎ ጭነቱ ሲበዛ፣ የዘይትና የቤንዚን ጠብታ ካንዴላው ሳይለኩስ በፊት ራሱ ሊቀጣጠል ይችላል። ፒስተኑ ገና ወደ ላይ እየወጣ ሳለ ቃጠሎው ወደ ታች ይገፋዋል። አንድ ከባድ ምት እንኳ ፋሻ ሊሰብር፣ የፒስተኑንም ጠርዝ ሊገምስ ይችላል። የሞተር ዘይት ደረጃ የሚያወጣው የአሜሪካ ተቋም ኤፒአይ እ.ኤ.አ. በ2018 «ኤስኤን ፕላስ»ን፣ በ2020 ደግሞ «ኤስፒ»ን ያወጣው በዋናነት ይህን ችግር የሚከላከል ዘይት ለመለየት ነው። የሚገዙት ዘይት ጀርባ ላይ ይህን ምልክት ይፈልጉ።

ስለዚህ ከ2,500 ዙር በታች ፔዳሉን ከግማሽ አያሳልፉ፤ ኃይል ካስፈለገ መጀመሪያ ማርሽ ይቀንሱ። አውቶማቲክ ካምቢዮ በቁጠባ ሞድ ላይ ከሆነ ቶሎ ቶሎ ማርሽ እየጨመረ ሞተሩን ወደዚያው ይወስደዋል። በሮዳጅ ጊዜ ስፖርት ሞዱን ወይም ማርሹን በእጅ መቀየሪያውን መጠቀም የተሻለ የሚሆነው ለዚህ ነው። ይህን ሲያደርጉ መኪናው በየመብራቱ እንዳይፈተለክ እግርን ቀለል ማድረግ ይገባል።

ቱርቦው ራሱ በደቂቃ ከ100,000 ዙር በላይ የሚሽከረከር ዘንግ ነው፤ የሚሸከመውም የዘይት ሽፋን ነው። ጠንክረው ከነዱ በኋላ የመጨረሻዎቹን 2 ወይም 3 ኪሎሜትሮች በቀስታ ይንዱ፤ ሲደርሱም ሞተሩን ከማጥፋትዎ በፊት ከ30 እስከ 60 ሴኮንድ በሚኒሞ ይተዉት። ወዲያው ከጠፋ የቆመው ዘይት በጋለው ዘንግ ዙሪያ ተቃጥሎ ጥቁር ካርቦን ይሆናል፣ ቀጭኑንም የዘይት መንገድ ያጠባል። ሞተር ከጠፋ በኋላ ውሃ የሚያዞር የኤሌክትሪክ ፓምፕ ያላቸው መኪኖች አደጋው ያነሰ ቢሆንም፣ የመጨረሻዎቹን ኪሎሜትሮች ቀለል አድርጎ መንዳት ለእነሱም ይጠቅማል።

ዘይት

በየ500 ኪሎሜትሩ መኪናው ደልዳላ ቦታ ላይ ቆሞ፣ ሞተሩ ሞቆ ከጠፋ ከ5 ወይም 10 ደቂቃ በኋላ መጠኑን ይለኩ። በብዙ መኪኖች ላይ በዝቅተኛውና በከፍተኛው ምልክት መካከል ያለው 1 ሊትር ያህል ነው። በመጀመሪያዎቹ ኪሎሜትሮች ትንሽ መቀነሱ የተለመደ ነው፤ የፎልክስዋገን ቡድን መመሪያዎች በ1,000 ኪሎሜትር እስከ 0.5 ሊትር ድረስ ሊበላ እንደሚችል፣ ሞተሩ አዲስ ሲሆንም ሊበዛ እንደሚችል ይገልጻሉ። ዋናው አቅጣጫው ነው፤ በየልኬቱ የሚቀንሰው መጠን እያነሰ መሄድ አለበት። መጠኑ ጨምሮ ካገኙትና የቤንዚን ሽታ ካለው ዘይቱ በቤንዚን ቀጥኗል ማለት ነው። መጨመሩን እንደ ጥሩ ዜና አይውሰዱት፤ ዘይቱን ይቀይሩ፣ አጫጭር ጉዞም ይቀንሱ።

የመጀመሪያውን ዘይት ከ1,500 እስከ 2,000 ኪሎሜትር ላይ መቀየር፣ አምራቹ ባያዝም፣ ተገቢ ወጪ ነው ብለን እናምናለን። የፋሻው፣ የብሮንዙና የማሸጊያው ብናኝ በብዛት የሚገኘው በዚህ ዘይት ውስጥ ነው። ሆንዳ ግን ከፋብሪካ የመጣው ዘይት ቀድሞ እንዳይቀየር ይመክራል፤ እንዲህ ያለ መመሪያ ካለ ይከበር። የሚገባው ዘይት ውፍረቱም የጥራት ደረጃውም መመሪያው ላይ ያለው ራሱ ይሁን። ፊልትሮውንና የማፍሰሻ ቡሎኑን ሮንዴላ አብረው ይቀይሩ። የሚጠመዘዝ ፊልትሮ ከሆነ የፊልትሮውን የጎማ ማሸጊያ ዘይት ቀብተው በእጅ ይግጠሙት፤ ጎማው ከነካ በኋላ ሦስት አራተኛ ዙር ይበቃዋል። የወጣውን ዘይት በብርሃን ይዩት፦ እንደ ዱቄት የላመ ብር መሰል ጭጋግ የሚጠበቅ ነው፤ በጣት የሚያዝ ስባሪ ግን አይደለም። ስባሪ ካዩ ሞተሩን ሳያስነሱ ዋስትና ወደሰጠው ጋራዥ በተጎታች ይላኩት።

ፍሬንና ፍሪሲዮን

አዲስ ሸራና ዲስክ እስኪላመዱ 500 ኪሎሜትር አካባቢ ይፈልጋሉ፤ ፍሪሲዮንም እንደዚያው። ከ200 ኪሎሜትር በኋላ ባዶ መንገድ ላይ ከ100 ወደ 30 ኪሎሜትር በሰዓት ጠበቅ አድርገው፣ ኤቢኤስ (ጎማ እንዳይቆለፍ የሚከላከለው ሥርዓት) ሳይነሳ፣ ስምንት ጊዜ ያህል ይያዙ። በየመካከሉ ትንሽ ይንዱ፣ ሙሉ በሙሉም አይቁሙ። ሲጨርሱ 10 ደቂቃ ፍሬን ሳይነኩ ያቀዝቅዙት። በጋለ ዲስክ ላይ ፔዳሉን ረግጦ መቆም የሸራውን ቁስ አንድ ቦታ ላይ ያትመዋል፤ በኋላ መሪው ላይ ለሚሰማው ንቅንቅታ ይህ አንዱ መነሻ ነው።

አይቶ ማለፍ የሌለብዎት

ጠዋት ሲነሳ ወይም እግርዎን አንስተው እንደገና ሲረግጡ ከማርሚታው ሰማያዊ ጭስ ከወጣ፣ የዘይቱ መጠን ከ2,000 ኪሎሜትር በኋላም በተመሳሳይ ፍጥነት ከቀነሰ፣ ወይም ሲረግጡ የብረት ማንኳኳት ከተሰማ፣ ቀኑንና ኪሎሜትሩን ጽፈው በዋስትናው ጊዜ ያሳዩ። የዘይት ግፊት ቀይ መብራት ከበራ ጥግ ይዘው ወዲያው ያጥፉ። ቤንዚኑም መመሪያው የሚጠይቀው ኦክቴን ይሁን፤ ዝቅ ያለ ሲገባ የሞተሩ ኮምፒውተር ከማንኳኳት ለመጠበቅ ማቀጣጠያውን ያዘገያል፣ ጉልበቱም ይቀንሳል።

የኮምፒውተሩን ፕሮግራም ለውጦ የቱርቦ ግፊት መጨመር የሚፈልግ ሰው ሮዳጁ አልቆ፣ ዘይቱ ተቀይሮ፣ በአዲሱም ዘይት 1,000 ኪሎሜትር ተነድቶ መጠኑ ሳይቀንስ መቆየቱን ካየ በኋላ ያድርገው። ከዚያ በፊት ችግር ቢመጣ ጥፋቱ የፋብሪካው ይሁን የአዲሱ ፕሮግራም መለየት አይቻልም፤ ዋስትናውም ብዙውን ጊዜ እዚያ ላይ ይቋረጣል።