በውሃ የሚቀዘቅዝ አሮጌ ሞተር ሳይክል ባሕር ዳር ላይ ሲፈላ፦ ችግርና መፍትሄ

አሮጌ ሞተር ሳይክል ውሃ ሲያፈላ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ማራገቢያው ነው። ቀጥሎ ቴርሞስታቱ (ውሃው ሲሞቅ ተከፍቶ ወደ ራዲያተሩ የሚያሳልፈው ቫልቭ) ወጥቶ ይጣላል፤ ያም ካልረዳ ቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ይወርዳል። ብዙ ወጪ ከወጣ በኋላ ጥፋቱ የራዲያተር ክዳኑ ላይ ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ ከክዳኑ እንጀምር።

አንድ ነገር ግን ይቅደም። የጋለ ራዲያተር ክዳን አይከፈትም። ሞተሩን አጥፉና የራዲያተሩ የላይኛው የውሃ ጎማ (ቱቦ) ስትጨብጡት ለስልሶ፣ በርዶ እስክታገኙት ድረስ ጠብቁ። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መድፋትም ቴስታታ ያጣምማል፣ ይሰነጥቃልም።

ውሃው ቶሎ ይፈላል፣ ማራገቢያው ግን አይነሳም

ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ንጹህ ውሃ 94 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይፈላል። የብዙ አሮጌ የጃፓን ሞተር ሳይክሎች ማራገቢያ ደግሞ የሚነሳው 100 ዲግሪ አካባቢ ነው። ይህን ልዩነት የሚሸፍነው ክዳኑ ነው። የግፊቱን መጠን የሚያሳይ 1.1 የሚል ቁጥር የተጻፈበት ደህና ክዳን ግፊት ስለሚይዝ ውሃው ከ115 ዲግሪ በፊት አይፈላም። ክዳኑ ግፊት መያዝ ካቆመ ግን የማራገቢያው ተራ ሳይደርስ ውሃው ፈልቶ ይወጣል። ባሕር ጠረፍ ላይ ባለ ከተማ ሊያልፍ የሚችል የደከመ ክዳን እዚህ አያልፍም።

ክዳኑን ገልብጡና ብርሃን ላይ እዩት። ዙሪያውን ያለው ጎማ በጥፍር ሲጫኑት መለስ የሚል ለስላሳ መሆን አለበት። ደርቆ ከሆነ፣ የራዲያተሩ አፍ ጠርዝ ጎማው ላይ ጥልቅ ቦይ ቀርጾበት ከሆነ፣ ወይም ስፕሪንጉ ዝጎ ከሆነ ይቀየር። መሃል ላይ ያለችውን ትንሽ ቫልቭ በጣት ሳብ አድርጋችሁ ልቀቋት፤ ተመልሳ ካልገጠመች ሞተሩ ሲበርድ ከትርፍ ውሃ መያዣው ፕላስቲክ ውሃ መልሶ መሳብ አይችልም። ምልክቱም ይታወቃል፦ ፕላስቲኩ ሁልጊዜ ሙሉ፣ ራዲያተሩ ሁልጊዜ ጎዶሎ። የክዳኑ መቀመጫ ላይ ነጭ ቅርፊት ካለ ጥረጉት፤ አዲስ ክዳን ቅርፊት ላይ ቢገጠም ያው ያፈሳል። መለዋወጫ ቤት ስትሄዱ አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱ፣ ቁጥሩም ጥልቀቱም መመሳሰል አለበት። በመኪና ክዳን በግምት መተካት አይመከርም።

ቆሞ ይግላል፣ ሲሄድ ይበርዳል

አሁን ማራገቢያውን መጠርጠር ተገቢ ነው። ብዙ አሮጌ ሞዴሎች ላይ ማራገቢያውን በሚያስነሳው፣ ራዲያተሩ ላይ በተጠመደው ስዊች አንድ ሽቦ ብቻ ነው የሚገባው። ቁልፉን ክፈቱ፣ ሽቦውን ንቀሉና ቀለም የሌለው የቻሲ ብረት ላይ አስነኩት። ማራገቢያው ከዞረ ስዊቹ ነው የሞተው። ካልዞረ ፊውዙን፣ ሶኬቱን፣ በመጨረሻም የማራገቢያውን ሞተር እዩ።

ስዊቹን አውጥቶ በፈላ ውሃ መሞከር የተለመደ ነው፤ እዚህ ግን ያሳስታል። ውሃው 94 ላይ ስለሚቆም ደህናው ስዊች እንኳ ላይነሳ ይችላል። ቴርሞሜትር ይዛችሁ ዘይት ውስጥ ሞክሩት፣ የድስቱን ታች ሳይነካ።

ሲሮጥ ወይም ዳገት ላይ ይግላል

የቤዛዊትን ዳገት ስትወጡ ብቻ ጌጁ ከፍ ካለ ውሃው በደንብ አይዞርም፣ ወይም ንፋሱ አያልፍም። ንፋሱ ይቅደም። ማታ በጣና ዳር መንገድ የሚመጣው ትንኝና በክረምት የፎገራ ጭቃ የራዲያተሩን ክንፎች ይደፍናሉ። ከፊት ሲያዩት ንጹህ የሚመስል ራዲያተር ከኋላ በባትሪ ሲበራበት ብርሃን የማያሳልፍበት ጊዜ አለ። ከሞተሩ በኩል ወደ ፊት፣ በቀስታ በሚፈስ ውሃ እጠቡት። የላቫጆ ግፊት ክንፎቹን ያስተኛቸዋል፤ ከዚያ ወዲያ ማቃናት ከባድ ነው።

ውጭው ንጹህ ሆኖ ራዲያተሩን በእጅ ሲዳስሱት አንዱ ቦታ ግሎ ሌላው ከቀዘቀዘ ውስጡ ተደፍኗል። ይህ ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ከሚሞላው ውሃ ነው። የጣና ውሃ ደለል አለው፣ የጉድጓድ ውሃም ድንጋይ ይሠራል። ኩላንት (የራዲያተር ፈሳሽ) ከዲስቲልድ (ከተጣራ) ውሃ ጋር እኩል ቀላቅሉ። ዲስቲልድ ውሃውን ከባትሪ ሱቅ ስትገዙ አሲድ እንዳይሰጧችሁ ጠይቁ፤ አሲድ አሉሚኒየሙን ይበላዋል። ኩላንት መርዝ ነው፣ ጣዕሙ ደግሞ ይጣፍጣል። የፈሰሰውን ሕፃናትና ውሻ በማይደርሱበት አስወግዱት።

በተነሳ በጥቂት ደቂቃ ይግላል፣ ራዲያተሩ ግን ቀዝቃዛ ነው

ቴርሞስታቱ ተዘግቶ ቀርቷል። በክር አንጠልጥላችሁ ውሃ ውስጥ አሙቁት፣ 80 ዲግሪን ትንሽ አለፍ ሲል መከፈት መጀመር አለበት። በእኛ ከፍታ ሙሉ በሙሉ ሳይከፈት ውሃው ሊፈላ ስለሚችል ግማሽ ከፈተ ብላችሁ አትጣሉት። ጨርሶ ካልከፈተ በአዲስ ተኩት። «አገሩ ሞቃት ነው፣ ቴርሞስታት አያስፈልግም» የሚለውን ምክር አልቀበልም። ያለ እሱ ሞተሩ ጠዋት ጠዋት ሳይሞቅ ይሠራል፣ ቤንዚን ይበላል፣ ዘይቱም ቶሎ ይበላሻል።

ውሃ ይጎድላል፣ የፈሰሰበት ግን አይታይም

ከውሃ ፓምፑ ሥር አንዲት ትንሽ ቀዳዳ አለች። ከእሷ ከተንጠባጠበ የፓምፑ ሲል (ማሸጊያ ጎማው) አልቋል። ቀዳዳዋን በማስቲሽ መድፈን ውሃውን ወደ ዘይቱ መላክ ነው። የውሃ ጎማዎቹንም ማሰሪያቸው አጠገብ ተጭናችሁ እዩ፣ መሰንጠቅ የሚጀምረው እዚያ ነው።

ሞተሩ የጋለው ውሃ ከቀየራችሁ በኋላ ብቻ ከሆነ ውስጡ አየር ገብቷል። ክዳኑን ከፍታችሁ ቀዝቃዛውን ሞተር አስነሱ፣ የላይኛው ጎማ እስኪሞቅ እየሞላችሁ ሳይክሉን ግራና ቀኝ አዘንብሉ። አረፋው ሲያቆም ዝጉት።

አረፋው ካላቆመ ግን ጥፋቱ የቴስታታ ጓርኒሲዮን (ከቴስታታው ሥር ያለው ማሸጊያ) ነው። የዘይት መስታወቱን እዩ፤ ዘይቱ ማኪያቶ ከመሰለ ወይም ሞተሩ ከሞቀ በኋላም ጭሱ ነጭ ሆኖ ከቀጠለ አትንዱት። ጢስ ዓባይ መንገድ ላይ ብትሆኑም በፒክአፕ አስጭኑት፤ ውሃ የገባበት ዘይት ኩሽኔታ (የሞተሩ ዘንጎች የሚዞሩበትን መቀመጫ) ይጨርሳል። ጋራዥ ሲደርስ ጓርኒሲዮኑ ብቻ እንዳይቀየር፤ የቴስታታው ፊት ቀጥታ መሆኑ በብረት ማስመሪያ ይለካ፣ ቡሎኖቹም በቶርክ መፍቻ ይታሰሩ። ክዳኑንም በዚያው ቀይሩት።